የሁለተኛው ፎቅ ቁልፎች

ሐይቅ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር ያለው ሞል የተከፈተ ሰሞን፣ ሰው ደረጃውን ለመውጣት ብቻ ከውጫሌ ይመጣ ነበር። አሁን ታችኛው ፎቅ የእህል መጋዘን ሆኗል። ሦስተኛው ላይ ርግብ ገብቶበታል። ሁለተኛው ላይ ሁለት ሱቅ ቀርቷል። ደረጃው አፍ ላይ የሀሚዱ፣ ከሱ አልፎ በስተግራ የሙላት። ሁለቱም ጨርቅ ይሸጣሉ።

አንዱ የሌላውን ቁልፍ ይይዛል። በጁምአ ሀሚዱ መስጊድ ሲሄድ ሙላት ሱቁን ይጠብቅለታል። በማርያም ሙላት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ሀሚዱ ይከፍትለታል። ሜዳ ላይ ሸራ ወጥረው ከሚነግዱበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ናቸው።

የሀሚዱ ልጅ ራዚያ ከዓረብ አገር ተመልሳ ልብስ በስልክ ትሸጣለች። ቤቷ ቁጭ ብላ ፎቶ ትለቃለች፤ ባጃጅ ያደርሳል። አንድ ቀን ሙላት ጋ መጣች።

«ጋሼ ሙላት፣ ያንተንም ልልቀቅልህ?»

«ሱቄን ስልክ ውስጥ እንዳትከቺብኝ! ገበያውን የገደላችሁት እናንተ ናችሁ።»

«ኧረ ጋሼ...»

«ማርያምን! በስልክ ከምሸጥ ብዘጋው ይሻለኛል።»

ሀሚዱ ከበራፉ ሆኖ ሳቀ። «ተይው ልጄ። ይኸ ሰውዬ ሬዲዮንም ያመነው በቅርቡ ነው።»

ሙላት እንዲህ ይበል እንጂ ሱቁ ከተዘጋ የሚሄድበት የለውም። መሬቱን ለልጆቹ አካፍሏል። ለእርሻም ጉልበቱ አልፏል።

ደግነቱ ገዢ ጨርሶ አልጠፋም። አልፎ አልፎ ሴቶች ይወጣሉ። የሀሚዱን በራፍ አልፈው ቀጥ ብለው ወደሱ ይገባሉ። ዞር ዞር ብለው እንኳ አያዩም። «ያንን» ብለው በጣት ያሳያሉ።

«ጨርቅ መምረጥ አውቅበታለሁ» ይላል ሙላት።

«ታውቅበታለህ» ይላል ሀሚዱ።

አንድ የማርያም ዕለት ሙላት ከቤተ ክርስቲያን ቶሎ ተመለሰ። ደረጃው ላይ ራዚያ ስትወርድ ተላለፉ። ቀና ብላ አላየችውም። ሱቁ ሲገባ ወይን ጠጁ ጨርቅ ከመደርደሪያው ወርዶ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተዘርግቷል።

ቤቱ እንደገባ ባለቤቱ ወይዘሮ ተሾመች፣ «ያ ወይን ጠጁ ጨርቅህ የጎረቤታችን ስልክ ላይ አለ» አለችው። «ራዚያ ናት አሉ የለቀቀችው።»

ሙላት እራቱን አልበላም። ሀሚዱ በየማርያሙ ለምን እንደሚከፍትለት አሁን ገባው። የሱን ጨርቅ እያዩ፣ ያንኑ አስመጥተው ይቸበችባሉ።

በማግስቱ ሀሚዱ ፊት ቆመ።

«ቁልፌን።»

«ምን ሆነሃል?»

«ልጅህን ጠይቃት። ወንድሜ ነህ ብዬ ቤቴን ሰጠሁህ!»

«ወላሂ ሙላት፣ ስማኝ...»

«አልሰማም!»

ሀሚዱ ቁልፉን አውጥቶ ሰጠው። የራሱን ግን መልስልኝ አላለም። ሙላት ራሱ አወጣና መሬት ላይ ጣለለት።

«ራዚያ ያንን የለቀቀችውን አጥፍታዋለች አሉ» አለች ተሾመች በዚያው ሰሞን።

«ነውሩ ገብቷታል።»

ከዚያ ወዲህ ደረጃውን የወጣ ሴት የለም። ሙላት በማርያምም ሳይሄድ ሱቁ ውስጥ ቁጭ አለ። ማንም አልመጣም። ክረምቱ ሲገባ ለባለ ሕንጻው ሱቁን እንደሚለቅ ነገረው።

ጨርቁን ማዳበሪያ ውስጥ ሲከት ሀሚዱ መጥቶ አንዱን ጫፍ ያዘለት።

«ልቀቅ! ያፈረስከኝ አንሶ ልትሸኘኝ ነው?»

ሀሚዱ ለቀቀ።

ይኼኔ ከውጫሌ የመጣች አንዲት ሴት እያለከለከች ደረጃውን ወጣች። የሀሚዱን በራፍ አልፋ ሙላት ጋ ገባች። ባዶውን መደርደሪያ አየች።

«ውይ! ወይን ጠጁ አለቀ እንዴ? ለልጄ ኒካህ ነበር እኮ።»

«ወይን ጠጅ እንዳለኝ ማን ነገረሽ?»

ሴትዮዋ ዞራ ሀሚዱን አየችው። ሀሚዱ አቀረቀረ። ስልኳን አወጣች፤ ሳይጠፋ ያስቀረችውን ቪዲዮ ነካችና ለሙላት ዘረጋችለት። የሱ መደርደሪያ ነው፤ የሱ መስኮት ነው። የሀሚዱ ድምፅ ይናገራል፦

«ይኸ የወንድሜ የሙላት ሱቅ ነው፤ ደረጃው አፍ ላይ ያለው የኔ ነው፣ እኔ ጋ እንዳትቆሙ፣ እለፉና በስተግራ ግቡ፤ ስልክ ላይ አየነው ብላችሁ ግን አደራ፣ እንዳትነግሩት።»