ለያይተሽ ላኪው

«በአንድ ካርቶን የመጣ ዕቃ በየፍሬው ይቀረጣል፣ አላልኩሽም?» ይለኛል ገደፋው፣ ቻርጀሩን ከኮቱ ኪስ እያወጣ። ቡሬ ያለው ሱቁ ለገባ ሰው ሁሉ የሚደጋግማት ወሬ ናት። «ይኸው፣ ለያይታችሁ ብትልኩት ማንም ሳይነካው ገባ!»

«ገባ፣ ጋሼ። ከሁለት ወር በኋላ።»

እህቴ ስንዱ የአባታችንን የጆሮ መስሚያ ከጅዳ የላከችው ለሁለት መንገደኞች አካፍላ ነው። መስሚያው «ለአቶ ባምላኩ» ተብሎ የአባቴ ስም ተጽፎበት ቀድሞ መጣ፤ ባትሪው ሞቶ፣ ያለ ቻርጀሩ ጠጠር ማለት ነበር። ቻርጀሩን ለገደፋው ያደረሰችው ሴት ስትዘገይ እናቴ ታመመች። ሐሙስ አርባዋ ወጣ።

«የጉምሩክ ታሪፉን ደንብ አነበብኩት» እለዋለሁ። «አንድ ላይ ለሽያጭ የታሸገ ዕቃ በየፍሬው አይታይም። ዋናው የትኛው ነው ተብሎ፣ ሁሉም በዋናው ይመደባል። የዚህ ዋናው መስሚያው ነው። ቻርጀሩን ለብቻው የሚቀርጥ አልነበረም።»

«እና ያኔ ምነው ዝም አልሽ?»

ዝም አላልኩም። ያኔ የቻርጀርን ቀረጥ ብቻ ፈልጌ አገኘሁና፣ ከፊት ያሉትን የአመዳደብ ገጾች መግቢያ ናቸው ብዬ ዘለልኳቸው። ቀበሌው ሁሉ ወረቀት ሲደርሰው ወደ እኔ ነው የሚሮጠው፤ ያለ አስተማሪ የተማርኩ ነኝ እያልኩ የምኮራው እኔ፣ «ለያይተሽ ላኪው» ብዬ ለስንዱ ጻፍኩላት።

ገደፋው ባርኔጣውን አንስቶ ይወጣል።

ቻርጀሩን ከሶላሩ ጋር አገናኘዋለሁ። አረንጓዴ ሲበራ መስሚያውን ከአባቴ ጆሮ አስገባለሁ። ይደነግጣል።

«ምንድን ነው የሚንጫጫው?»

«ዶሮዎቹ ናቸው፣ አባባ።»

«እንዲህ ነበር እንዴ የሚጮኹት?» ሊስቅ ይልና ይተወዋል። ዓይኑ እናቴ ተኝታበት ወደነበረው መደብ ይሄዳል።

«ያን የመጨረሻውን ሦስት ቀን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር» ይላል። «ጠጋ ብልም አልሰማ። ውኃ መስሎኝ ውኃ አመጣሁላት፣ ፊቷን አዞረች። ብርድ መስሎኝ ጋቢዬን አለበስኳት። አንቺ ከሥሯ አልተለየሽም። ምን ፈልጋ ነው?»

እናቴ አርባ ዓመት ሙሉ «የስንዱ አባት» ስትለው ነው የኖረችው። ባልን በስሙ መጥራት በእሷ ዘንድ ነውር ነበር።

ድምፄን ከፍ ማድረግ አያስፈልገኝም አሁን።

«ምንም አልፈለገችም፣ አባባ» እለዋለሁ። «‹ባምላኩ› ነበር የምትለው። ሦስቱንም ቀን።»