ተቀምጦም፣ ቆሞም

አብዱልዋሂድ በሕይወት ሳለ ነርሷ፣ “የደም ግፊትዎን ተቀምጠውም ቆመውም ይለኩ፤ ሰው ሲነሳ ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ነርቩ ይህን አውቆ ልብን ያስቸኩላል” ትለው ነበር።

ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል። ሚስቱ ዘሚራ ዛሬ በሞጣው የጨርቅ ሱቃቸው የእሱን የደም ግፊት መለኪያ ብትከፍት፣ የትናንት ልኬት ተመዝግቦ አገኘች።

“ሲሃም፣ ማነው የነካው?”

“ወላሂ እማ፣ እኔ አልነካሁም!” አለች ልጇ።

ዘሚራ ነገር ካልጣማት አትለቅም። ዕቃው ተበላሽቶ እንደሆነ ልታይ፣ የክንዱን መጠቅለያ በሩ አጠገብ ባለው የባሏ ባዶ ወንበር መደገፊያ ላይ አስራ ቁልፉን ተጫነች። ግፊት 142፣ የልብ ምት 68።

“ይኸው፣ ውሸታም ዕቃ!” አለች።

የዙህር ሶላት አዛን ተሰማ፤ አብዱልዋሂድ በዚህ ሰዓት ከወንበሩ ተነስቶ ወደ መስጊድ ይሄድ ነበር። ደግማ ተጫነች። ግፊት 118፣ የልብ ምት 90።

ዘሚራ ቀስ ብላ ከበሩ ፈቀቅ አለችለት።