ከፍ ያለው ፓወር ሰፕላይ

ካርቱን የምትሠራው ልጇ ለኮምፒውተሯ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ስትገዛ፣ እናት ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ፓወር ሰፕላይ ልታስመርጥ ተከትላት ሱቅ ሄደች።

«ለዚህ ካርድ ስድስት መቶ ሃምሳ ዋት ይበቃል፣ ማዘር» አላት ሻጩ።

«መቶ ሰው የጠራ ለመቶ ብቻ ይደግሳል እንዴ? ከፍ ያለውን ስጠን!»

ከፍ ያለው ተገዛ። የእናት ልብ ግን አላረፈም። «በዚህ ዕቃ ምክንያት አንዴ መብራት ቢጠፋ፣ ነገውኑ ወደ ሱቁ ይመለሳል!» ብላ ማለች።

አመሻሽ ላይ ልጅቷ ሁሉንም ገጣጥማ፣ አማትባ ማብሪያውን ተጫነችው። ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ወዲያው ቤቱ ድርግም አለ።

«አላልኩሽም!» ጮኸች እናት።

ልጅቷ በስልኳ እያበራች ወደ ቆጣሪው ስትሄድ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቀጥ አለች። ምድጃው፣ የውሃ ማፍያውና ካውያው ሁሉም ተሰክተዋል።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«መብራቱን ሳታጠፊብኝ ሥራዬን ልጨርስ ብዬ ነዋ!»