የመርዕድ የሠርግ ሥዕል

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የነበሩት አባቷ ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን ግን በጎን አዙረው በአንድ ዓይን ነበር የሚስሉት። እሷ ብሩሹን ትታ በታብሌት መሳል ስትጀምር ይህንንም ወግ ተወችው፤ ሰው ሁሉ ሁለት ዓይን ይገባዋል ብላ። ታብሌቱን ያስለመዳት የልጅነት ጓደኛዋ መርዕድ ነው። ለሠርጉ ስጦታ እሱንና ሙሽራይቱን እየሳለችለት ነበር።

ዛሬ ከመንገድ ዳር የገዛችውን ካላንደር ፊቱ ዘረጋችው። አሥራ ሦስቱም ወር የእሷ ሥዕል ነው፤ ስሟ ግን የትም የለም።

«አይ እህቴ! ኢንተርኔት ላይ የለቀቅሽውን ለቃቅመው ነዋ» አላት መርዕድ ከንፈሩን እየመጠጠ። «ማንን ከሰሽ ማንን ትተያለሽ?»

«እሱስ እውነትህን ነው» ብላ መግለጧን ቀጠለች። ጳጉሜን ላይ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ። የሟች እናቷ ሥዕል ነው፤ ግራ እጃቸው ገና አላለቀም። ይህን ሥዕል ለማንም አሳይታው አታውቅም። ከታብሌቷ ወጥቶ አያውቅም፤ የታብሌቱን መክፈቻ ቁጥር ደግሞ ከእሷ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ምነው መግለጡን ተውሽው?» አላት።

«ምንም። የሠርግህን ሥዕል ልጨርስልህ ብዬ ነው።»

ታብሌቱን ከፈተች። ሙሽራይቱን አልነካቻትም። የመርዕድን ፊት አጠፋችና፣ በጎን አዙራ እንደ አዲስ መሳል ጀመረች።