ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጡት ለጋሽ

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወይዘሮ ትርንጎ ዐይኖች ሞቅ አሉ። ሙቀቱን ለምደውታል። ዐይናቸውን በነፃ ያበራላቸው የበጎ አድራጎት ድርጅት በቀን አንድ ሰዓት ለለጋሹ ሰጥቷል፤ የሕክምናውን ወጪ የከፈሉት ባሕር ማዶ ያሉት ሰውዬ በዚያ ሰዓት፣ ዐይናቸው ውስጥ በተተከለው መሣሪያ በኩል ወይዘሮ ትርንጎ የሚያዩትን ሁሉ ያያሉ።

ሌላ ቀን ቢሆን ወይዘሮ ትርንጎ ያንን ሰዓት ቤታቸው ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ያሳልፉት ነበር። ዛሬ ግን አውቶቡሱ አዘግይቷቸው፣ አራስ ልጃቸው ስንዱ ቤት ገና መግባታቸው ነው። ስንዱ ሕፃኗን ታጠባለች።

«ሰውዬው መጡ እንዴ?» አለች የእናቷን ዐይን እያየች።

«አሁን መጡ።»

ስንዱ ጡቷንም ሕፃኗንም በነጠላዋ ሸፈነች። «እንግዲያው ውጪ ቆዪ፣ እማዬ። እንዲህ ሆነን ባዕድ አያየንም።»

የወይዘሮ ትርንጎ ደም ፈላ። ዐይናቸው ጠፍቶ ሳለ የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ አቅፈዋል፤ ማንም ደብቆባቸው አያውቅም። አሁን በራልዎ ተብለው የገዛ የልጅ ልጃቸው ትሸፈንባቸው?

ሻሻቸውን ፈትተው ዐይናቸውን ጥፍር አድርገው አሰሩና እጃቸውን ዘረጉ። «አምጫት።»

ስንዱ አስታቀፈቻቸው። እንደ ድሮው በጣታቸው ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ወተት የነካውን ከንፈሯን ዳሰሱ።

ብዙም ሳይቆይ ስልካቸው ጮኸ። ስንዱ አንስታ ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው። የድርጅቱ ሠራተኛ ነበረች።

«እማማ፣ ለጋሹ ጨለመብኝ እያሉ ነው። ዐይንዎን ይግለጡላቸው እንጂ፤ ያሳከሙዎት እኮ እሳቸው ናቸው።»

«እኔ ጨለማውን አሥራ አንድ ዓመት ችዬዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ ሕፃኗን ደረታቸው ላይ እንዳስጠጉ። «እሳቸው አንድ ሰዓት ይቻሉት።»