የሞተሩ ሙቀት

መካኒኩ የሞተር ሙቀት የሚቆጣጠሩ ሁለት ቴርሞስታቶችን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየው። «ይሄኛው እንደ ድሮው ነው፤ ያኛው ግን ቶሎ ይከፈትና ሞተሩን ያቀዘቅዘዋል።»

ሰውየው ሳያመነታ የሚያቀዘቅዘውን መረጠ። አሮጌዋ መኪናው ወደ ደጋዋ ከተማ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው ዳገት ላይ እየፈላች ብዙ ጊዜ አቁማዋለች። ዛሬ ደግሞ ወደ ቤት የሚወስደው ሚስቱን አስናቁንና ያለ ጊዜው የተወለደ ልጃቸውን ነው። ነርሷ ከሆስፒታል ስታሰናብታቸው «አደራ፣ ብርድ እንዳያገኘው» ብላለች። መኪናዋ በዚያ የደጋ ንፋስ መሀል ብትቆም ምን ይውጣቸዋል?

መኪናዋ ዳገቱን ሳትፈላ ወጣች። የሙቀት መለኪያው ቀስት ከታች ንቅንቅ አላለም። «አየሽ?» አላት ደስ ብሎት።

አናቱ ላይ ሲደርሱ ጉሙ መንገዱን ዋጠው።

«ልጁ ቀዘቀዘብኝ፤ ማሞቂያውን ክፈተው» አለች አስናቁ፣ ሕፃኑን ደረቷ ውስጥ እየሸጎጠች።

ከፈተው። ማሞቂያው የሚሞቀው በሞተሩ ሙቀት ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ስላልሞቀ ቀዝቃዛ አየር ወጣ።

ጋቢውን አውልቆ ደረበላቸው። ሞተሩ እንዲሞቅም ወርዶ የራዲያተሩን ፊት በካርቶን ሸፈነ። ከፍ እንዳይል ሲፈራው የኖረውን ቀስት አሁን እንዲነሣለት እየለመነ ነዳ።

ብዙ ከሄዱ በኋላ ቀስቱ ተነሣ፤ ሞቅ ያለ አየር እጁን ነካው።

«መጣ፣ አስናቁ፤ ሙቀቱ መጣ።»

እሷ ሕፃኑን ከደረቷ አውጥታ ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ፊቱን በነጠላዋ ሸፍና በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር።

«አጥፋው» አለችው።