የሐጂ ጣት

ሐጂ ባዋዚር በሞምባሳው የሻይ መጋዘናቸው ሰገነት ላይ ቆመው ወደ ምዕራብ አንጋጠጡ። ከኋላቸው ጫኝና አውራጆቻቸው አንገታቸውን አስግገዋል። ጨረቃ ከታየች ነገ ኢድ ነው፤ ኢድ ከሆነ ደግሞ ሻዩን መርከብ ላይ ለመጫን የሚገባ ሁሉ ከሐጂ የበዓል እጥፍ ክፍያ ያገኛል። ሐጂ ሰማዩን የሸፈነውን ደመና በፍቅር ዓይን አዩት።

«ያቻትና!» አለ ከጫኞቹ አንዱ፣ ኪዮኮ።

«እሱ አውሮፕላን ነው። ደግሞስ አንተ ክርስቲያን! ምስክሩ የጾመና የሚታመን ሙስሊም መሆን አለበት።»

«እኔስ ሐጂ?» አለ ሌላው ጫኝ፣ ባካሪ።

«አንተማ ዝም በል! ትናንት በቀትር ከጆንያው ጀርባ ሳምቡሳ ስትውጥ ያላየሁህ መሰለህ?»

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ሐጂም ድል እንዳደረገ ሰው ሊወርዱ ዘወር ሲሉ፣ ከዘንባባዎቹ በላይ ደመናው ተሰነጠቀ። እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ነገር ብቅ አለች። ሐጂ ከልጅነታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ሲያንጋጥጡ አንድም ጊዜ ከሰው ቀድመው አይተዋት አያውቁም ነበር። ጣታቸው ሳያማክራቸው ተነሣ። «አላሁ አክበር! ያቻት! እኔ ነኝ ቀድሜ ያየኋት! እኔ!»

ኪዮኮ ጠጋ ብሎ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በትሕትና ጠየቀ። «ሐጂ፣ ምስክሩ የሚታመን ሰው ነው?»

ሐጂ ጣታቸውን ቀስ አድርገው አጠፉና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ጨረቃዋ ግን እዚያው ነበረች።